የጸደቀ በጀት፣ ያልጸደቀ ችግኝ

አማርኛ «ጸደቀ» የሚለውን ግሥ ለሦስት ነገር ያውለዋል። ነፍስ ትጸድቃለች፤ በጀት ይጸድቃል፤ ችግኝ ይጸድቃል። የነፍስን መጽደቅ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። በጀት ለመጽደቅ የአንድ ቀን ስብሰባ፣ የተነሡ እጆችና አንድ ማኅተም ይበቁታል። ችግኝ ግን በአዋጅ አይጸድቅም። የሚጸድቀው በጋውን ሲያልፍ፣ ከፍየል አፍ ሲተርፍ፣ ሥሩ ከድንጋዩ በታች ውኃ ሲያገኝ ነው። በኢትዮጵያ የሚካሄደው የተከላ ዘመቻ ትልቁ ስሕተት እነዚህን ሦስት ነገሮች መቀላቀሉ ነው። ችግኝ እንደ በጀት በአንድ ቀን እንደሚጸድቅ ተቆጠረ፤ በእርግጥ መጽደቁ ደግሞ እንደ ነፍስ ጉዳይ ለእምነት ተተወ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በተከታዮቹ ዓመታት የአንድ ቀኑ ቁጥር ከ500 ሚሊዮን፣ ከዚያ ከ600 ሚሊዮን፣ በመጨረሻም ከ700 ሚሊዮን በላይ ደረሰ ተባለ። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት 25 ቢሊዮን ችግኝ መተከሉ ተገለጸ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ድምሩን 50 ቢሊዮን ለማድረስ ግብ ተቀመጠ። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ለእረፍት ሲገባ ችግኝ ይዞ ፎቶ ይነሣል፤ በማኅበሩ በኩል ለተከላ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለሚኖርበት ሀገር ባልደረቦቹም ቁጥሩን በኩራት ይጠቅሳል።

ጥያቄው ቁጥሩ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚል አይደለም። ጥያቄው ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው የሚል ነው። የተተከለ ችግኝ ብዛት የወጪ መዝገብ ነው፤ የሀብት መዝገብ አይደለም። ባንክ ያበደረውን ገንዘብ ብቻ እየደመረ የተመለሰለትን ባይመዘግብ ማንም ባንክ ብሎ አይጠራውም። የደን ልማትም ስንት ችግኝ ከስንት ዓመት በኋላ ቆሞ እንደተገኘና ምን ያህል እንዳደገ ካልመዘገበ፣ ልማትነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

ሄክታሩ የት አለ?

በተራ ሒሳብ መጀመር ይቻላል። ችግኝ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይይዛል። በዚህ ስሌት 25 ቢሊዮን ችግኝ 10 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል፤ 50 ቢሊዮን ደግሞ 20 ሚሊዮን ሄክታር። የሀገሪቱ ጠቅላላ ስፋት 113 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ከመላው ኢትዮጵያ ስድስተኛ እጅ በላይ ነው። መንግሥት በቦን የደን ማገገሚያ ጥሪ መልሶ ለማልማት ቃል የገባው ስፋት 15 ሚሊዮን ሄክታር ነበር። ቁጥሩ እንደተነገረው ከሆነ ቃሉ ከነትርፉ ሊፈጸም ነው።

እርግጥ ነው፣ ከችግኙ ብዙው ለደን የተተከለ አይደለም። ቡና አለበት፣ አቮካዶና ማንጎ አለበት፣ የከብት መኖ አለበት፣ የከተማ መንገድ ዳር ጌጥ አለበት። ግማሹ ብቻ ለደን ነው ቢባል እንኳ 10 ሚሊዮን ሄክታር አዲስ ደን መታየት አለበት። ካልታየ ማብራሪያው ከሦስት አንዱ ወይም የሦስቱ ድብልቅ ይሆናል። ወይ አንዱ ተራራ በየክረምቱ እየተደጋገመ ተተክሏል፤ ወይ ችግኙ ሞቷል፤ ወይ ቆጠራው ተጋንኗል። የተተከለን ብቻ የሚደምር መዝገብ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ሦስት ጊዜ የከሸፈ ኮረብታ በዚህ መዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ የተሳካ ኮረብታ ሆኖ ይጻፋል። ውድቀት ድምሩን የሚያሳድግበት የሒሳብ ሥርዓት ደግሞ ውድቀትን ለመቀነስ ማንንም አያተጋም።

ሌላው ቁጥር የደን ሽፋን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የደን ትርጓሜዋን ቀይራ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ጥላ ያለውን ሁሉ ደን ብላ መቁጠር ጀመረች፤ በዚህም ሽፋኑ 15.5 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወጡ የመንግሥት መግለጫዎች ሽፋኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 17.2 በመቶ በ2023 ወደ 23.6 በመቶ ማደጉን ይናገራሉ። ልዩነቱ 6.4 በመቶ ነው፤ በመሬት ሲተረጎም ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ። ተከልሎ ያገገመ መሬትና ቀድሞ የነበረ ቁጥቋጦ የዚህን የተወሰነ ክፍል ሊያስረዳ ይችላል። በ2021 የተተከለ የሀበሻ ጥድ ወይም ወይራ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ቁመት በልጦ አንድ አምስተኛውን መሬት በጥላው አይሸፍንም። ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ዛፉ በየዓመቱ ስንት እንደሚያድግ ማወቅ ይበቃል። የዕድገት ሞዴል የሚባለውም ይኸው ዕውቀት በቁጥር ተጽፎ ማለት ነው።

ሞት በአንድ ቁጥር አይነገርም

ስለ ጽድቀት ሲነሣ ባለሥልጣናት የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ የሚል ነው። ይህ ቁጥር መቼ እንደተለካ ሳይነገር ምንም ትርጉም የለውም። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጥቅምት ቢቆጠር አብዛኛው በሕይወት ይገኛል፤ ገና ውኃ አልተጠማምና። ፈተናው ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያም ሁለተኛው በጋ፣ ሦስተኛው በጋ፣ ምስጥ፣ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ አለ። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚጠይቁት የጽድቀት መጠኑ ስንት ነው ብለው ሳይሆን፣ የጽድቀቱ ኩርባ ምን ይመስላል ብለው ነው። በየዓመቱ ከቆሙት ውስጥ ስንቱ እንደሚሞት፣ ሞቱ ከየትኛው ዕድሜ በኋላ እንደሚረጋጋ፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ዝርያ፣ በማን ይዞታ ሥር እንደሚለያይ ያጠናሉ። ሥሌቱ ለሕክምና ጥናት፣ ለሕይወት ኢንሹራንስና ለብድር አደጋ ትንተና ከሚውለው ጋር አንድ ነው፤ በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ የውጭ ነዋሪዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ነው።

በምሳሌ ማየት ይቀላል። ሁለት ኮረብታዎች ይታሰቡ፤ ሁለቱም ከተተከሉ ከሦስት ወር በኋላ 85 በመቶ ጽድቀት ሪፖርት አደረጉ። በመጀመሪያው በዓመቱ መጨረሻ 80 በመቶው ቆሟል፤ ከዚያም በየዓመቱ ከቆሙት 5 በመቶው ይሞታል። በሁለተኛው በዓመቱ መጨረሻ 60 በመቶው ቀርቷል፤ ከዚያም በየዓመቱ 20 በመቶው ይሞታል። ከ10 ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ኮረብታ ከ100 ችግኝ 50ው ዛፍ ሆኗል። በሁለተኛው የቀረው 8 ብቻ ነው። ሪፖርቱ አንድ ነበር፤ ውጤቱ ግን የደንና የምድረ በዳ ልዩነት ነው። ሁለቱን ኮረብታዎች በሦስት ወር ቆጠራ አማካይነት አንድ ሀገር አቀፍ ቁጥር ውስጥ መጨመር ልዩነቱን መደበቅ ነው፤ ከልዩነቱም ሊገኝ የሚችለውን ትምህርት መቅበር ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ 176 የደን ማገገሚያ ቦታዎችን መርምሮ ነበር። በአማካይ በመጀመሪያው ዓመት 18 በመቶ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 44 በመቶ ችግኝ ሞቶ ተገኘ። ከአማካዩ ይልቅ የሚያስደንቀው ልዩነቱ ነው። በአንዳንዱ ቦታ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ80 በመቶ በላይ ሲተርፍ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ሞቷል። በሕንድ ሂማቻል ፕራዴሽ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደ የመንግሥት ተከላን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ተከላው የደን ሽፋንን ለመጨመሩ ማስረጃ አላገኘም። ቱርክ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 2019 በአንድ ቀን 11 ሚሊዮን ችግኝ ተከለች። ከጥቂት ወራት በኋላ የዘርፉ ሠራተኞች ማኅበር ከመረመራቸው ችግኞች እስከ 90 በመቶ ሞተው መገኘታቸውን ተናገረ፤ መንግሥት በበኩሉ 95 በመቶው ደኅና ነው አለ። የቱርክ ክርክር ዋና ትምህርት ማን እውነቱን ተናገረ የሚለው አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ያልተቆጣጠሩት፣ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ላይ የተሠራ ገለልተኛ ቆጠራ ባለመኖሩ 90 በመቶ ሞት እና 95 በመቶ ሕይወት ጎን ለጎን መቆም መቻላቸው ነው። ልኬት በሌለበት ሁሉም ሰው ልክ ነው።

ሁሉም ሞት ውድቀት አይደለም

የጽድቀት ቁጥር ብቻውን ቢታተምም በቂ አይሆንም። ዛፍ ቆሞ ላያድግ ይችላል፤ ሲያድግም ጎረቤቱን ይገድላል። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ ሬይኔክ እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳየው ግንኙነት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የዛፎቹ አማካይ ውፍረት እጥፍ ሲሆን መሬቱ ሊሸከማቸው የሚችላቸው ዛፎች ብዛት ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። የተቀሩት በብርሃንና በውኃ እጦት ይሞታሉ፤ ወይም ባለቤቱ ቀድሞ አሳስቶ ለአጣናና ለማገዶ ይሸጣቸዋል። ስለዚህ በአንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ተክሎ ከ20 ዓመት በኋላ 2,000 ዛፍ ቆሞ መገኘቱ የምሥራች ላይሆን ይችላል። ምናልባት ዛፎቹ አላደጉም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሞዴል ጥቅም ይታያል። በበጋ ድርቀት የሞተው፣ በከብት የተበላው፣ በዕድገት ፉክክር የተሸነፈው እና ታስቦበት የተቆረጠው በአንድ ዓምድ «ያልጸደቀ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። የመጀመሪያው የዝርያ ምርጫ ወይም የተከላ ወቅት ስሕተት ነው። ሁለተኛው የአስተዳደር ጉድለት ነው። ሦስተኛው ተፈጥሮ ነው። አራተኛው ገቢ ነው። እነዚህን ሳይለይ በመቶኛ የሚወዳደር ወረዳ ዛፍን በጊዜው የሚያሳሳውን ጎበዝ ገበሬ ይቀጣል፤ አሳድጎ የማያውቀውን ይሸልማል።

ዕድገትን በቁጥር ለመጻፍ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በተለምዶ የዛፍ ቁመት በዕድሜው የሚያድግበትን ኩርባ ሦስት ቁጥሮች ይወስኑታል፤ የመጨረሻው ጣሪያ፣ ወደ ጣሪያው የሚሄድበት ፍጥነት፣ የኩርባው ቅርጽ። የየቦታው ለምነት ደግሞ ረጃጅሞቹ ዛፎች በአንድ በተወሰነ ዕድሜ በሚደርሱበት ቁመት ይለካል። ከዚያ በኋላ በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካው የግንድ ውፍረትና ቁመቱ ስለ እንጨቱ መጠንና ስለ ካርቦኑ ይናገራሉ። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ 5 ሳንቲ ሜትር ካለው በቁረጡ ስፋት 16 እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን እኩል «አንድ ዛፍ» ብሎ የሚቆጥር ሰው ለገበያም ሆነ ለአየር ንብረት የማይጠቅም ቁጥር ይዟል።

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ፋውስትማን ደን የሚለማበት መሬት ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። ዛፉ በየዓመቱ የሚጨምረው እንጨት፣ ገንዘቡ በሌላ ቦታ ሊያፈራ የሚችለው ወለድ፣ መሬቱ ለሚቀጥለው ተከላ ሳይለቀቅ በመቆየቱ የሚታጣው ጥቅም፣ ሦስቱ ተደምረው የመቁረጫውን ዕድሜ ይወስናሉ። ከ127 ዓመት በኋላ ፖል ሳሙኤልሰን ጉዳዩን መርምሮ ታላላቅ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስተውት የነበረውን መልስ ፋውስትማን ቀድሞ ማግኘቱን መሰከረለት። የዕድገት ኩርባ ከሌለ ግን የፋውስትማን ሒሳብ አይጀመርም። ኩርባ የሌለው ደን ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለውን ሀብት ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴርም ሆነ ባንክ አይጠብቀውም።

ገበሬው ቀድሞ ያወቀው

በኢትዮጵያ የዛፍን ዕድገት በትክክል የሚያሰላ አካል የለም ማለት ግን ስሕተት ነው። አለ፤ ገበሬው ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በደጋው የተስፋፋው በአብዛኛው ያለ ዘመቻ ነው። ገበሬው ከጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ በስንት ዓመቱ ለአጣና፣ በስንት ዓመቱ ለወራጅ እንደሚደርስ፣ የትኛው ማሳ እንደሚያፈጥነው ያውቃል። የተከለውን ሳይሆን የቆመውን ይቆጥራል፤ የሚሸጠው የቆመውን ነውና።

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሆነው የበለጠ አስተማሪ ነው። ገበሬዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ግራር በራሳቸው ማሳ ላይ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ መሬቱም አገግሞ እንደገና ይዘራል። የተራቆተ መሬት ያለ ማንም ሪባን ቆራጭ አረንጓዴ ሆነ። ያው ታሪክ ሁለተኛ ገጽም አለው። ባለፉት ዓመታት ዝገት የሚያስመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ማሳዎቹን ክፉኛ ጎዳ። አንድ ዝርያ ብቻ ባለበት አካባቢ የዛፎች ሞት እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አንዱን የሚገድል ነገር ሁሉንም ይገድላል። የአምስት ዓመት መልካም ውጤት አማካይ ይህን አደጋ አያሳይም። የገበሬው ሒሳብ የጎደለው ይህን ነው። የአንድ ገበሬ ዓይን የራሱን ማሳ ያያል፤ የበሽታን ስርጭት በሀገር ደረጃ አስቀድሞ የሚያይ የናሙና መረብ ማቆም የመንግሥት ሥራ ነበር።

በወላይታ ሁምቦ ደግሞ ልኬት ገንዘብ ሆኖ ታይቷል። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን ከመሬት በታች በሕይወት የነበሩ ጉቶዎችን በመከለልና በመንከባከብ አገገመ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ገዢው የገዛው የተተከለ ችግኝ ብዛትን አልነበረም። ተለክቶ የተረጋገጠ ዕድገትን ነበር። ሁምቦ የሚያስረዳው የኢትዮጵያ ገበሬ ማኅበር በዓለም ደረጃ የሚጠየቀውን ልኬት ማቅረብ እንደሚችል ነው። በመንደር ደረጃ የተቻለው በሀገር ደረጃ አይቻልም የሚል ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ከሞዴሉ የማይቀረው፦ የማን ዛፍ?

ዝናምና አፈር ብቻ የሚገቡበት የጽድቀት ሞዴል በኢትዮጵያ አይሠራም። ታሪኩ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በምግብ ለሥራ ሰፊ ተራሮች ተተክለው ነበር። ተካዩ የሚከፈለው ለተከላው ቀን በስንዴና በዘይት ነበር እንጂ ለዛፉ ዕድሜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ የማኅበረሰብ ደን የተባለው በአንድ ሰሞን ተጨፈጨፈ። ሰዉ ዛፍ ጠልቶ አይደለም፤ ዛፉ የእርሱ መስሎ አልታየውም። ያ ሞት ከድርቅ ሞት በላይ የተተነበየ ሊሆን ይችል ነበር፤ ትንበያው ግን «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል ዓምድ ያስፈልገዋል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት የደን ይዞታን ለይቶ ዕውቅና ሰጥቷል። ሕጉ መልካም ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የተከላ ቦታ ከአራቱ በየትኛው ይዞታ ሥር እንደሆነ ተመዝግቦ፣ ጽድቀቱ በይዞታ ዓይነት ተለይቶ ቢታተም የሚታየውን ውጤት መገመት አያዳግትም። ምናልባት ያ ዓምድ ያልተጀመረው የመሬትን ጥያቄ በችግኝ በኩል ስለሚያነሣ ይሆናል።

ለልኬት የሚነሡ ሰበቦች

የመጀመሪያው ሰበብ ገንዘብ ነው። ድሃ ሀገር ዛፍ ይተክላል እንጂ ዛፍ ለመቁጠር አቅም የለውም ይባላል። ነገር ግን ሁሉንም ዛፍ መቁጠር አያስፈልግም። የናሙና ትክክለኛነት የሚወሰነው በናሙናው ብዛት እንጂ በደኑ ስፋት አይደለም። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ችግኞች የጽድቀት መጠንን በ3 በመቶ ገደማ ስሕተት ውስጥ ይነግራሉ፤ ጎረቤት ችግኞች ዕጣ ፈንታቸው ስለሚመሳሰል ናሙናውን በብዙ እጥፍ ማስፋት ቢያስፈልግ እንኳ ሥራው የጥቂት መቶ ባለሙያዎች የአንድ ወቅት ተግባር ነው። ወንዶ ገነት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የደን ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል። ሜትር የሚይዝ እጅ አልጠፋም፤ የጠፋው ቁጥሩን የሚፈልግ አለቃ ነው።

እንዲያውም ድሃ መሆን ለልኬት የበለጠ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ችግኝ አፍልቶ ለመትከል 10 ብር ይፈጃል፣ ከሦስት አንዱ ገደማም ይተርፋል ቢባል፣ የአንድ ቋሚ ዛፍ ዋጋ 30 ብር ነው። ለአጥርና ለኩትኳቶ 5 ብር ተጨምሮ ጽድቀቱ ወደ 70 በመቶ ቢያድግ ዋጋው ወደ 21 ብር ይወርዳል። በተከለው የሚመዘን ሹም ግን ያችን 5 ብር ለእንክብካቤ አያወጣም፤ ግማሽ ችግኝ ትተክልለታለችና። መለኪያው ራሱ ብክነትን ያዛል።

ሁለተኛው ሰበብ የሳይንስ ነው። ለሀገር በቀል ዝርያዎች የተሟላ የዕድገት ኩርባ የለም፤ ስለዚህ ሞዴል አይቻልም ይባላል። ለባሕር ዛፍና ለፈረንጅ ጥድ የተጠና ብዙ ነገር ሲኖር ለኮሶ፣ ለዝግባ፣ ለወይራና ለዋንዛ ያለው ዕውቀት እጅግ የሳሳ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን ቋሚ የናሙና ቦታዎችን ዛሬ ለመጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ላለመጀመር አይሆንም። ዘመቻው ሲጀመር እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቂት ሺህ ቦታዎች ምልክት ተደርጎባቸው በየዓመቱ ቢለኩ ኖሮ፣ ሀገሪቱ ዛሬ በአፍሪካ ተወዳዳሪ የሌለው የሀገር በቀል ዛፎች መረጃ በእጇ በያዘች ነበር። ያለፈው ዓመት ልኬት ዘንድሮ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ሦስተኛው ሰበብ ፖለቲካ ነው። ዘመቻውን መጠየቅ የሀገርን በጎ ስም ማጉደፍ ተደርጎ ይታያል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሚሊዮኖችን በአንድ ማለዳ ማሰለፍ፣ የችግኝ ጣቢያዎችን በየወረዳው ማቋቋም፣ ልጆች ዛፍ መትከልን እንደ ክብር እንዲያዩ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ከተጠራጣሪ የሚጠብቀው የሚታመን ቁጥር ብቻ ነው። የተከላ ቦታዎችን በካርታ መመዝገብ መጀመሩ መልካም ጅምር ነው፤ ካርታው ለሁሉ ክፍት ሆኖ በየነጥቡ ላይ የየዓመቱ ጽድቀትና ዕድገት ሲጨመርበት ዘመቻው ከማንኛውም ነቃፊ በላይ ይቆማል። እስከዚያው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ይመጥነዋል።

ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ምን ይግዛ?

በውጭ ያለው ባለሙያ ይህን ለማስተካከል ፓርላማ መግባት አያስፈልገውም። የሚያዋጣውን ገንዘብ የሚሰጥበትን ውል መቀየር ይበቃዋል። አንድ ማኅበር ለ10,000 ችግኝ ተከላ ከሚከፍል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚቆሙ 3,000 ዛፎች ቢከፍል ይሻላል። ከፊሉ ለተከላው፣ ከፊሉ ሁለተኛው በጋ ካለፈ በኋላ፣ የቀረው በአምስተኛው ዓመት የግንዱ ውፍረት ተለክቶ ይሰጣል። የሚለካውም ተካዩ ያልሆነ ሰው ነው፤ የሚለካበትም ቦታ በዕጣ ይመረጣል። ተቀባዩ ድርጅት እንዲህ ያለውን ውል እምቢ ካለ፣ ማኅበሩ ስለ ጽድቀቱ የሚፈልገውን መረጃ አግኝቷል ማለት ነው።

ከመንግሥት የሚጠበቀውም ረጅም ዝርዝር አይደለም። ከአንድ ቀን ክብረ ወሰን ጎን ለጎን ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ቀን የተተከለው ዛሬ በምን ሁኔታ እንዳለ ይታተም። ድጋሚ ተከላ ከአዲስ ተከላ ተለይቶ ይጻፍ። ጽድቀቱ በዝርያ፣ በሥነ ምኅዳርና በይዞታ ተከፍሎ ይውጣ። መረጃው ለዩኒቨርሲቲዎች ሳይጣራና ሳይቀባ ይለቀቅ። የወረዳ ኃላፊም በተከለው ሳይሆን በቆመው ይመዘን።

በሐምሌ 2011 የተተከለ ችግኝ ተርፎ ከሆነ ዛሬ ችግኝ አይደለም። ግንድ አለው፤ በሜትር ይለካል፤ በጥላው ሥር እረኛ ይቀመጣል። ካልተረፈም ጉድጓዱ በቦታው አለ። ሁለቱም ሄዶ ለሚያይ ሰው የተሰወሩ አይደሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ በየክረምቱ አዲስ ቁጥር ታውጇል፤ ያንን የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ ተራራው ተመልሶ መጠየቅ ግን አሁንም ይቻላል።